አንዱ ዛፍ፣ ምግብም መርዝም

በሱዳን ገበያዎች ሴቶች እየሰፈሩ የሚሸጡት፣ ተምር የሚመስል ቡናማ ፍሬ አለ። ልጆች ገዝተው እንደ ከረሜላ ይመጡታል። ያንኑ ፍሬ ወቅጦ በረጋ ኩሬ ውስጥ የበተነ ሰው ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ሲንሳፈፉ ያገኛል። ፍሬው ያው ነው፤ የተለቀመውም ከአንድ ዛፍ ሥር ነው።

ልጅ እየመጠጠ የሚጫወትበት ነገር ዓሣን እንዴት ይገድላል? ዓሣን የሚገድለውስ ነገር ልጁን ለምን አይጎዳውም? ጥያቄው የቆላ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሱቅ መደርደሪያ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ዱቄት፣ ሻይ ወይም ዘይት አንስተን ወደ ቤታችን ለምንወስድ የከተማ ቤተሰቦችም መልሱ ይጠቅመናል። የዚህን ዛፍ ታሪክ የምናነሳውም ለዚህ ነው።

ዛፉን እንተዋወቀው

በአማርኛ በደኖ ወይም ጀሞ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ባላናይተስ ኢጂፕሺያካ ነው። «ባላናይተስ» የሚለው የመጣው ከግሪክኛ ሲሆን ፍሬው የባሉጥ ፍሬ መምሰሉን ያመለክታል። «ኢጂፕሺያካ» ደግሞ «የግብፅ» ማለት ነው። አሁን የሚጠራበትን ሳይንሳዊ ስም እ.ኤ.አ. በ1813 ያወጣለት ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ደሊል ነው። ግብፃውያን ግን ዛፉን የሚያውቁት ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው ነው፤ ፍሬው በጥንታዊ መቃብሮቻቸው ውስጥ ከሙታን ጋር ተቀምጦ ተገኝቷል።

አገሩ ሰፊ ነው። ከሴኔጋልና ከሞሪታንያ ተነሥቶ የሳህልን ሣርማ ሜዳዎች አቋርጦ እስከ ቀይ ባሕር ይዘልቃል፤ ባሕሩን ተሻግሮም በዓረብ ምድርና በዮርዳኖስ ሸለቆ ይበቅላል። በእኛ አገር በጋምቤላ፣ በቤንሻንጉል፣ በመተማና በሑመራ ቆላ፣ በአዋሽ ሸለቆ፣ በስምጥ ሸለቆና በኦሞ አካባቢ ይገኛል። የደጋ ዛፍ ስላልሆነ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው በስሙም በመልኩም ባያውቀው አይደንቅም።

ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜትር አይበልጥም። ቅርንጫፎቹ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉና አረንጓዴ እሾህ የተሸከሙ ናቸው፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ሥሩ ወደ መሬት ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ሌላው ሣርና ቁጥቋጦ ሁሉ በደረቀበት ወቅት በደኖ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ድርቁን፣ የሣር ቃጠሎውን፣ የከብት ግጦሹን፣ በክረምት ደግሞ ጎርፉን ችሎ ይኖራል። መጀመሪያ ፍሬ ለመስጠት ከ5 እስከ 8 ዓመት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜው ከመቶ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ለም ቦታ ያገኘ ትልቅ ዛፍ በዓመት እስከ 10,000 ፍሬ ይሰጣል።

በስሙ ሁለት አገር የሚጠራበት ቦታ

የዚህን ዛፍ ስም ሳናውቀው በዜና ሰምተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በነዳጅ ጉድጓዶች በታወቀ የድንበር አካባቢ ተዋግተው ነበር። ሱዳናውያን ቦታውን «ሄግሊግ» ይሉታል፤ ሄግሊግ በሱዳን ዓረብኛ የበደኖ ዛፍ ነው። ደቡብ ሱዳናውያን ደግሞ «ፓንቶው» ይሉታል። «ቶው» በዲንካ ቋንቋ ይኸው ዛፍ በመሆኑ ስሙ «የበደኖ ቦታ» እንደማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች ቦታው የማን እንደሆነ አልተስማሙም፤ ቦታውን የሰየሙት ግን ሁለቱም በአንድ ዛፍ ነው።

ሱዳኖች ፍሬውን «ላሎብ» ይሉታል። በሰሜን ናይጄሪያ ሃውሳዎች «አዱዋ» ይሉታል፤ ስሙ ከእኛ ዓድዋ ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም። በምሥራቅ ዩጋንዳ የቴሶ ሰዎች ደግሞ «ኤኮሬቴ» ይሉታል። አንድ ዛፍ በየሄደበት እንዲህ የራሱ ስም ከተሰጠው፣ በዚያ ሕዝብ ቤት ውስጥ ሥራ አለው ማለት ነው።

ሥራውም ብዙ ነው። እንጨቱ ጠንካራና ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ስለሆነ ለእርሻ መሣሪያና ለመጥረቢያ እጀታ፣ ለሙቀጫና ለዘነዘና ይውላል። ሲነድ ጭሱ ትንሽ በመሆኑ ቤት ውስጥ ለማብሰል ይመረጣል። በሱዳን የቁርዓን ተማሪዎች የሚጽፉበት ሰሌዳ ከዚሁ እንጨት ይሠራል። የሱፊ ሼሆችም የፍሬውን ጠንካራ ዘር በክር ሰክተው እስከ አንድ ሺህ ፍሬ ያለው ረጅም መቁጠሪያ ያደርጉታል።

ከላዩ ጣፋጭ፣ ከውስጡ ዘይት

ፍሬው ሲበስል ከአረንጓዴነት ወደ ቢጫነትና ቡናማነት ይለወጣል። ላዩ በቀላሉ የሚሰበር ስስ ልጣጭ ነው። ከሥሩ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ቡናማ ሥጋ አለ፤ ስኳር የበዛበት ቢሆንም ጣዕሙ መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ መረር የሚል ነው። ልጆች የሚመጡት ይህንን ነው። አዋቂዎች ደግሞ በውሃ ዘፍዝፈው መጠጥ ያደርጉታል።

ሥጋው ተመጦ ሲያልቅ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዘር ይቀራል። ዘሩን በድንጋይ ላይ አስቀምጦ በሌላ ድንጋይ መስበር ትዕግሥትም የእጅ ልምድም ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሴቶች ሥራ ነው። በውስጡ የሚገኘው አስኳል ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ፕሮቲንም በብዛት አለው። ከዚህ አስኳል የሚወጣው ዘይት ወርቃማ ቢጫ ሲሆን ለወጥና ለመጥበሻ፣ ለፀጉርና ለቆዳም ያገለግላል። በናይጄሪያ፣ በሱዳንና በዩጋንዳ ዘይቱን ጨምቀው በመሸጥ የቤት ወጪያቸውን የሚደጉሙ ሴቶች አሉ።

ከሁሉም በላይ ግን በደኖ የችግር ቀን ዛፍ ነው። የዓመቱ እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ባለው ክፉ ወቅት በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ ቆላ እናቶች ፍሬውን ይለቅማሉ። በዩጋንዳ የቴሶ እናቶችም በበጋ፣ ሌላ አትክልት በማይገኝበት ጊዜ፣ ለጋ ቅጠሉን ቀቅለው ለቤተሰባቸው ያቀርባሉ። ዝናብ ሲጠፋ ዘመድ እንኳ በማይደርስበት ቦታ ይህ እሾሃም ዛፍ ስንት ሕፃን አሳድሯል።

መራራውን የማውጣት ጥበብ

አስኳሉ ከዘሩ እንደወጣ አይበላም፤ በጣም ይመራል። ሴቶቹ መጀመሪያ ይቀቅሉታል፤ ውሃውን ደፍተው ሌላ ውሃ ይጨምሩበታል፤ አሁንም ይቀቅሉታል ወይም ለቀናት ውሃ እየቀየሩ ይዘፈዝፉታል። ምሬቱ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ይህ ይደጋገማል። በመጨረሻ አድርቀው ጨው ነስንሰው ሲቆሉት እንደ ለውዝ የሚቆረጠም ቁርስ ይሆናል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎጃም እናቶች ግብጦን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ያስታውሷል። ግብጦም ከማሳ እንደመጣ ቢበላ መራራም ጎጂም ነው። ስለዚህ ይቆላል፤ ከዚያ ለቀናት ውሃ እየተቀየረለት ወይም በሚፈስ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ምሬቱ እንዲለቅ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነው ለቁርስ፣ ለሽሮ ወይም ለአረቄ የሚውለው። በግብጦና በበደኖ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ ሴቶቹ የደረሱበት መላ ግን አንድ ነው፦ ውሃ፣ እሳትና ትዕግሥት።

አዘገጃጀቱን ማንም በላቦራቶሪ አልፈተነላቸውም። አንዲት እናት ከእናቷ፣ እሷም ከአያቷ ተምራ የመጣ ዕውቀት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚቀቀል፣ ውሃው መቼ እንደሚደፋ፣ በምላስ ቀምሶ «አሁን ደርሷል» ማለት እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አስኳሉን ምግብ የሚያደርገው ይህ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ከተረሳ የሚቀረው መራራ ዘር ብቻ ነው።

መርዙ ምንድን ነው?

በበደኖ ፍሬ፣ ቅርፊትና ሥር ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስማቸው ከላቲኑ የሳሙና ቃል የመጣ ነው፤ በውሃ ሲበጠበጡ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣሉ። የበደኖ ቅርፊት በብዙ ቦታ ልብስ ማጠቢያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳፖኒን አንደኛው ጎኑ ከውሃ ጋር፣ ሌላኛው ጎኑ ከቅባት ጋር ይስማማል። ሳሙና የምጣድ ቅባትን ከውሃ ጋር አዋሕዶ የሚያስለቅቀው በዚሁ ባሕርይ ነው። የሰውም የእንስሳም ሕዋሳት ደግሞ የተሸፈኑት ቅባት ባለበት ስስ ሽፋን ነው። ሳፖኒን ወደዚህ ሽፋን ሲደርስ ይበሳዋል።

ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃን በስንጥቦቹ በኩል እያሳለፈ ነው። በስንጥቦቹ ስስ ሽፋን ላይ ሳፖኒን ሲደርስ ሽፋኑ ይጎዳል፤ ዓሣው አየር አጥሮት ይሞታል። ቀንድ አውጣና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታትም እንዲሁ ይሆናሉ። የሰው ነገር ይለያል። በአፍ የገባ ሳፖኒን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ጥቂት ፍሬ የመጠጠ ልጅ አይጎዳም፤ በሳፖኒን የሞተውን ዓሣ አብስሎ የበላም እንደዚሁ። ሳፖኒን በቀጥታ ወደ ደም ቢገባ ግን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል።

ይህ ሲባል በአፍ እስከተወሰደ ድረስ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ብዙ ፍሬ የበላ ሰው ሆዱ ይላላል። የሥሩና የቅርፊቱ ነገር ደግሞ ይከብዳል፤ በባህል ሕክምና እንደ ማስቀመጫና እንደ ማስመለሻ፣ የሆድ ትልንም ለማውጣት የሚሰጡት አንጀትን የሚያስቆጣ ኃይል ስላላቸው ነው። ለአዋቂ የተለካ መጠን ለትንሽ ልጅ ከመጠን ያለፈ ይሆናል፤ ብርቱ ተቅማጥና ማስመለስ ደግሞ የልጅን የሰውነት ፈሳሽ በአጭር ጊዜ ያሟጥጣል። አባቶች «ሲበዛ ማር ይመራል» ያሉት ማርን ለማጥላላት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። የትኛው ክፍል፣ እንዴት ተዘጋጅቶ፣ ምን ያህል፣ ለማን የሚለው ነው ወሳኙ።

መርዙ ሲጠቅም

እ.ኤ.አ. በ1933 በሱዳን ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም አርቺባልድ የዚህ ዛፍ ፍሬ ቢልሃርዚያን ለመቆጣጠር ሊረዳ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡን ለመረዳት የበሽታውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው በሽንት ወይም በሰገራ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ ወደ ቀንድ አውጣ ገላ ይገባል፤ በውስጡም ይራባል። ከአንድ ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ እጮች ይወጡና ውሃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስተው ወደ ደሙ ይዘልቃሉ። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን መንገዱ ይቋረጣል። በደኖ ደግሞ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ በውሃው ውስጥ የሚዋኙትን እጮችም እንደሚገድል ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። ዛፉን በመስኖ ቦዮች ዳር መትከልና ፍሬው ወደ ውሃው እንዲወድቅ ማድረግ የሚል ሐሳብ የቀረበውም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ይህን ሲያነቡ እንዶድ ትዝ ካለዎት አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ከዚያ ትዝብት የተነሣው ምርምር ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እንዶድም ቀንድ አውጣን የሚገድለው በውስጡ ባለው ሳፖኒን ነው። የእኛ እናቶች ነጠላና ጋቢ ያነጹበት አረፋና የበደኖ አረፋ የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

ከቢልሃርዚያ ሌላ የጊኒ ዎርምም አለ። ይህ ትል ወደ ሰው የሚገባው እጩን የዋጡ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ካሉበት ኩሬ በመጠጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓለም ላይ በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይያዙ እንደነበር ተገምቶ ነበር፤ ዛሬ በዓመት የሚመዘገበው በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የትግል ሜዳ ጋምቤላ ሲሆን፣ በዚያ ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይም ይገኛል። የበደኖ ፍሬ እነዚያን ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታትም ይገድላል።

ታዲያ ለምን በየወንዙ አልተነሰነሰም? ምክንያቱ ራሱ መርዙ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ዓሣውንም አይምርም፤ ዓሣው ደግሞ የወንዝ ዳር ሰው ምግብ ነው። ለሚፈስ ትልቅ ውሃ የሚበቃ መጠን ማግኘትም ቀላል አይደለም። በመሆኑም ዛሬ የበሽታው ዋና መከላከያ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ናቸው።

ለከተማ ቤተሰብም የሚሆን ማሳሰቢያ እዚህ ላይ አለ። የቢልሃርዚያ በሽታ በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። በበዓል ወይም በክረምት ዕረፍት ልጆችን ይዘው ወደ እነዚህ ከተሞች ከሄዱ፣ ቀንድ አውጣ በሚበዛበት ሣርማ የሐይቅ ዳር እንዲንቦራጨቁ አይፍቀዱላቸው። ውሃው ውስጥ ቆይተው ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ሽንት ካዩባቸው ለሐኪሙ ሐይቅ ገብተው እንደነበር ይንገሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ድካም ያስቀራል።

«ተፈጥሯዊ ነው» ሲባል

በግብፅ የቅመማ ቅመምና የዕፅ መሸጫዎች የበደኖ ፍሬ ለስኳር ሕመምተኞች ይሸጣል። በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ፍሬው የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው። ነገር ግን ለቤተሰባችን ከተስፋ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ እናታችን ወይም አባታችን የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ በላዩ ስኳር የሚቀንስ ዕፅ ቢጨምሩ ምን ይሆናል? የደም ስኳር ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። «ዕፅ ነው፤ ምን ያደርጋል» ተብሎ ለሐኪም ያልተነገረ ነገር ሐኪሙን ያሳስታል።

ተፈጥሯዊ መሆን ጉዳት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ይህን ለማየት ከኩሽናችን መውጣት አያስፈልገንም። በደንብ ያልፈላ ቀይ ቦሎቄ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማ ንጥረ ነገር ይይዛል። ጓያ በድርቅ ዘመን ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉትን ብዙ ገበሬዎች እግር ሽባ አድርጓል። ሁሉም ከምድር የበቀሉ ናቸው፤ ሁሉም ግን መላ ይፈልጋሉ።

የቆላዋ እናት በደኖን ለልጆቿ ስትሰጥ ከዛፉ ጋር ዕውቀቱም በእጇ አለ። እኛ ከተማ ውስጥ በውብ ማሸጊያ የምንገዛው ዱቄት ግን ብዙ ጊዜ ከዕውቀቱ ተለይቶ የመጣ ነው። ሥር ይሁን ቅጠል፣ ጥሬ ይሁን የተቀቀለ፣ ለአዋቂ ይሁን ለልጅ በዓይን አይተን አንለየውም። የደረቀና የተፈጨ ነገር ሁሉ ይመሳሰላል። በቆላ ያለችው እናት በምላሷ ቀምሳ የምትለየውን እኛ መለየት የምንችለው በመጠየቅ ብቻ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አምስት ጥያቄዎች

በደኖም ይሁን ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድም ይሁን ሌላ ማንኛውም ዕፅ ወደ ቤትዎ ከመግባቱ በፊት እነዚህን ይጠይቁ።

1. የትኛው ክፍል ነው? ቅጠል፣ ፍሬ፣ ዘር፣ ቅርፊት ወይስ ሥር? በአንድ ዛፍ ላይ የሚበላ ቅጠልና የሚጎዳ ሥር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ ወይም ሻጩ ካላወቀው አይግዙት።

2. እንዴት ተዘጋጀ? መቀቀል፣ መዘፍዘፍ፣ መቁላት የሚያስፈልገው ነገር ጥሬውን ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል። በአገሩ ሰዎች እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይጠይቁ። እነሱ ቀቅለው የሚበሉትን እርስዎ ጥሬውን በጁስ ውስጥ አይጨምሩት።

3. ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ? «እንደፈለጉ» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ለምግብ የሚሆን ጥቂት መጠን በየቀኑ በማንኪያ ሲወሰድ ሌላ ነገር ይሆናል።

4. ለማን? ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባቸው ሰዎች ለብቻቸው ይታያሉ። ብዙ የባህል ዕፆች ለነፍሰ ጡሮች ያላቸው ደህንነት በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ ለእነሱ አለመስጠት ይሻላል።

5. ከምን ጋር? የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የደም ማቅጠኛ ወይም ሌላ ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ዕፁን ይዞ ሄዶ ያሳይ። ስሙን ብቻ መናገር አይበቃም፤ አንድ ስም በተለያየ አካባቢ ለተለያየ ተክል ሊሰጥ ይችላል።

ልጅዎ የማያውቁትን ፍሬ ወይም ቅጠል ከበላ ደግሞ በግድ ለማስመለስ አይሞክሩ። ወተትም ሆነ ሌላ የቤት ማርከሻ ሰጥተው ጊዜ አያጥፉ። የበላውን ቁራጭ ወይም ቅጠሉን በላስቲክ ይዘው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ምን እንደተበላ ሲያይ የሚያደርገውን ያውቃል።

ዛፉም ዕውቀቱም አብረው

በደኖ ዛሬ ብዙ ጠላት አለው። ጥሩ ከሰል ስለሚወጣው ይቆረጣል፤ መሬቱ ለእርሻ ሲመነጠርም አብሮ ይሄዳል። አንዱን ትልቅ ዛፍ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ይበቃል። በምትኩ የተተከለው ችግኝ የመጀመሪያውን ፍሬ እስኪሰጥ ግን በተቆረጠበት ዓመት የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል፤ በእነዚያ ዓመታት መካከል የሚመጣውን ድርቅ የመንደሩ ሰዎች ያለ ዛፉ ያሳልፉታል።

ዕውቀቱም እንደ ዛፉ ሊቆረጥ ይችላል። መራራውን ዘር ስንት ውሃ እንደሚያጣፍጠው የሚያውቁት አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ገብተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ዘይት የሚያውቁት በጠርሙስ ነው። በብዙዎቻችን ቤትም እንዲህ ዓይነት ዕውቀት የያዙ አያት አሉ። ግብጦ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ፣ ጎደሬ አፍ እንዳያሳክክ እንዴት እንደሚቀቀል፣ የትኛው ዕፅ ለልጅ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። በሚቀጥለው የበዓል ጉብኝት ከልጆችዎ ጋር አጠገባቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው፤ ልጁ ደብተሩ ላይ ይጻፈው ወይም በስልኩ ድምፃቸውን ይቅዳ። አያት ሲያወሩ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ደግሞ አይከልክሉት። በዓድዋ ወንዝ ዳር የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይቶ ዝም ብሎ ያላለፈ ኢትዮጵያዊ ምን እንዳገኘ አሁን ያውቃሉ።